ኤሌክትሮንን ኮምፒውተር ላይ ለማስኬድ የትኛውን የሞገድ ኢኩዌሽን ልያዝ? ሽሮዲንገር፣ ፓውሊ፣ ክላይን ጎርደን ወይስ ዲራክ

ኅዳር ላይ ነው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ አጥንት የሚገባበት ሰሞን፣ አንዲት የመሐል ሜዳ ልጅ ላፕቶፗን በጋቢ ጠቅልላ ሻይ ቤት ድረስ መጣችና «ጋሼ ኤሌክትሮኑ ፈነዳብኝ» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው እውነትም ፈንድቷል፣ የፕሮባብሊቲው ድምር ሁሌ 1 መሆን ሲገባው በጥቂት ስቴፕ ውስጥ ሚሊዮን ገብቶ ከዛ ቁጥር መሆኑንም አቁሟል። ኮዱን ወደላይ ሳነበው ዲራክ ኢኩዌሽን ነው የጻፈችው። ማየት የፈለግሽው ምንድነው ስላት 4 ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ያለው ኤሌክትሮን 5 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍታ ያለው የኢነርጂ ግድግዳ ሰርጎ ሲያልፍ ነው አለች። ታዲያ ለምን ዲራክ? «ሽሮዲንገር ግምት ነው ትክክለኛው ዲራክ ነው ሲባል ሰምቼ ነዋ»።

ይሄን መልስ ከብዙ ተማሪ ሰምቼዋለሁ፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ዲራክ የበለጠ ፊዚክስ ይዟል፣ ልክ ነው። ግን ግሪድ (ኮምፒውተሩ የሚያሰላባቸው ነጥቦች) ላይ ስታወርዱት ከፊዚክሱ ጋር የራሱን ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እና የማያስፈልጋችሁን ፊዚክስ ለማስላት ብላችሁ የሚያስፈልጋችሁን ታበላሻላችሁ። እኔ የምለው ማየት የምትፈልጉትን ነገር ከያዙት ኢኩዌሽኖች ውስጥ ትንሹን ያዙ ነው። የቱ ትንሹ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሶስት ነገር ማየት አለባችሁ፣ ኤሌክትሮኑ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ስፒኑ (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባህሪው) ጉዳይ አለው ወይ፣ ስንት ኤሌክትሮን ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍጥነቱ

መለኪያችሁ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ የኤሌክትሮን ማስ በኢነርጂ ሲገለጽ ማለት ነው። የኤሌክትሮናችሁ ኪኔቲክ ኢነርጂ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ከሆነ ሬላቲቪቲን እርሱት። የልጅቷ 4 ኤሌክትሮን ቮልት ከብርሃን ፍጥነት 0.4 በመቶ ብቻ ነው የሚሄደው። 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ያኔም እንኳ ሬላቲቪቲን ብትዘሉት የሞገዱ ርዝመት ላይ የምትሳሳቱት ግማሽ በመቶ ያህል ነው። 100 ኪሎ ላይ ግን 55 በመቶ ነው፣ የሞገዱም ርዝመት በተራው ቀመር 3.88 ፒኮሜትር ሲወጣ ትክክለኛው 3.70 ነው፣ እዚህ ጋ ዝም ማለት አይቻልም።

አቶም ውስጥ ላለ ኤሌክትሮን ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፣ የኤለመንቱን አቶሚክ ነምበር ለ137 አካፍሉት፣ የውስጠኛው ኤሌክትሮን ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጅ እንደሚሄድ በግምት ይነግራችኋል። ሃይድሮጅን 1 ለ137። ወርቅ 79 ለ137፣ ማለትም 58 በመቶ። ልዩነቱን በኢነርጂ ካያችሁት የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ሃይድሮጅንን በሽሮዲንገር ስታሰሉት በአቶሚክ ዩኒት (የኤሌክትሮን ማስና ቻርጅ 1 በሚባሉበት መለኪያ) ልክ ኔጋቲቭ 0.5 ይወጣል፣ በዲራክ ኔጋቲቭ 0.5000067፣ ይሄን ልዩነት ማየት የሚፈልግ ሰው ካልሆናችሁ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የቀረው ወርቅ ላይ ግን ሽሮዲንገር 84.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ሲል ዲራክ 93.5 ነው የሚለው። አስር በመቶ! የወርቅ ቢጫነት ራሱ ከዚሁ የሚመጣ ነው፣ ሬላቲቪቲ ባይኖር መልኩ ወደ ብር ይጠጋ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሁሌ ስለሚደንቀኝ። ጠዋት በብርድ መናኸሪያ ላይ ሚኒባሱ ሲነሳ ሞተሩን የሚያስነሳው ተራው የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፣ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ የሆኑ 6 ሴሎች አሉት። ሊድ ቁጥሩ 82 ስለሆነ ከባድ ነው፣ እና በ2011 የወጣ ስሌት እንዳሳየው ከዛ ከ12 ቮልት ውስጥ 10 ገደማ የሚሆነው ከሬላቲቪቲ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ሬላቲቪቲ ለኛ ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው መልሱ መናኸሪያው ውስጥ አለ። ቁምነገሩ ግን ሊድን በሽሮዲንገር ብቻ አሰላለሁ ካላችሁ ባትሪው ኮምፒውተራችሁ ላይ አይነሳም።

ሽሮዲንገር፣ የ1926ቱ

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይሄ ነው። ዋሻ ወይም ተነሊንግ የምንለው፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ኳንተም ዌል፣ ቀላል አቶሞች፣ መጠነኛ ሌዘር ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን፣ ሁሉም እዚህ ያልቃሉ። ትልቁ ጥያቄ የጊዜ ስቴፑን በምን ዘዴ ነው የምትወስዱት የሚለው ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው የሁሉም ሰው ሙከራ ኦይለር ነው፣ የአሁኑን ይዞ ትንሽ ጨምሮ ወደፊት መሄድ። አይሰራም። ስቴፑን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳንሱት እያንዳንዱ ስቴፕ ላይ ድምሩ ከ1 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያ ትንሽ በራሱ ላይ እየተባዛ ሄዶ ሄዶ ይፈነዳል። ጊዜ አታባክኑበት።

የቪሸር ዘዴ የሚባለው የ1991 ነው፣ የዌቭ ፈንክሽኑን (ኤሌክትሮኑን የሚገልጸውን ሞገድ) ሪያልና ኢማጅነሪ ክፍል ለየብቻ ይዞ አንዱን በግማሽ ስቴፕ ቀድሞ ያስኬደዋል፣ ግራ እግር ሲረግጥ ቀኝ እንደሚነሳው። ለመጻፍ አስር መስመር አይሞላም፣ ለጀማሪ እወደዋለሁ። ችግሩ በአቶሚክ ዩኒት የጊዜ ስቴፑ ከነጥቦቹ ርቀት ስኩዌር በታች መሆን አለበት፣ ፖቴንሻሉ (እንደ ግድግዳው ያለው የቦታ ኢነርጂ) ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከዛም ያነሰ። ይሄ ማለት ነጥቦቹን በእጥፍ ብታበዙ የስቴፑም ቁጥር በአራት እጥፍ መብዛት አለበት፣ በአንድ አቅጣጫ ስራው 8 እጥፍ፣ በሶስት አቅጣጫ 32 እጥፍ ይሆናል። ላፕቶፕ ላይ ሶስት አቅጣጫ የምትሰሩ ከሆነ በዚህ አትሂዱ።

ክራንክ ኒኮልሰን የ1947 ዘዴ ነው፣ ለሙቀት ኢኩዌሽን ነበር የተሰራው። ድምሩን በፍጹም አያዛባም፣ ስቴፑ ትልቅ ቢሆንም አይፈነዳም። በአንድ አቅጣጫ ሶስት ሰያፍ መስመር ብቻ ያለው ማትሪክስ ስለሚሆን ፈጣን ነው። ግን አለመፈንዳቱ አያታላችሁ፣ ስቴፑ ሲተልቅ ሞገዱ ሳይፈነዳ በዝምታ ይዘገያል፣ ቆንጆ ስዕል ታያላችሁ ግን የደረሰበት ቦታ ውሸት ነው። እኔ ከሚፈነዳ ኮድ ይልቅ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው።

ስፕሊት ኦፕሬተር ከኤፍኤፍቲ (ሞገዱን ከቦታ ወደ ሞመንተም የሚቀይር ፈጣን ስሌት) ጋር፣ የኔ ምርጫ። ፖቴንሻሉን ቦታ ላይ ሆናችሁ ታባዛላችሁ፣ ወደ ሞመንተም ትሄዳላችሁ፣ ኪኔቲኩን እዛ ታባዛላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ በቃ። ድምሩ 1 እንደሆነ ይቆያል፣ ኪኔቲኩ ትክክለኛ ነው፣ ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) ላይ ከ20 መስመር አይበልጥም። ተራው የነጥብ ልዩነት ዘዴ በአንድ የሞገድ ርዝመት ቢያንስ 10 ነጥብ ሲፈልግ ይሄኛው 4 ወይም 5 ይበቃዋል። አንድ አመሉ ግን ዳር የለውም፣ በቀኝ የወጣው በግራ ይገባል። እኔ መጀመሪያ ስሰራው ግድግዳውን ካለፈው ሞገድ በተጨማሪ ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሞገድ እያየሁ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ ፊዚክስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የራሴው ሞገድ ዞሮ መጥቶ ነው። መፍትሄው ዳር ዳሩ ላይ ሞገዱን ቀስ እያለ የሚውጥ ኢማጅነሪ ፖቴንሻል ማድረግ ነው፣ ቀስ እያለ የምለው በድንገት ካደረጋችሁት እሱ ራሱ ግድግዳ ሆኖ ይመልሰዋል።

ኤፍኤፍቲ ሌላው ድክመቱ ነጥቦቹ እኩል ርቀት ላይ እንዲሆኑ መፈለጉ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ስትሄዱ ሜዳው ላይ መንገዱን ለመሳል በየ5 ኪሎሜትሩ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ግን በዛው አምስት ኪሎሜትር ውስጥ ስንት ጥምዝ አለ፣ በየመቶ ሜትሩ ካልሳላችሁ መንገዱ ገደል ይገባል። ኒውክለስ አጠገብ ያለ ዌቭ ፈንክሽን ልክ እንደዛ ነው። ስለዚህ አቶም ለብቻው ከሆነ ኤፍኤፍቲውን ትታችሁ ነጥቦቹ ወደ መሃል የሚቀራረቡበት የሬዲየስ ግሪድ ከክራንክ ኒኮልሰን ጋር ይሻላል።

ራም አትርሱ። በአንድ አቅጣጫ 4096 ነጥብ ምንም አይደለም። በሶስት አቅጣጫ 256 በ256 በ256 ብትሉ 16.8 ሚሊዮን ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱ 16 ባይት፣ አንድ ዌቭ ፈንክሽን ብቻ 268 ሜጋባይት። 8 ጊጋ ራም ላይ ይሄዳል። እና መብራት ሲሄድ ነገር እንዳይበላሽ በየተወሰነ ስቴፑ ፋይል ላይ ሴቭ አድርጉ፣ የ11 ሰዓት ስራ 10ኛው ሰዓት ላይ የጠፋበት ሰው ነው የሚመክራችሁ።

ፓውሊ

የ1927 ነው፣ ሽሮዲንገር በስፒን። አንድ ዌቭ ፈንክሽን የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ስፒን ወደላይና ስፒን ወደታች፣ ማግኔቲክ ፊልዱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ራሙም ስራውም እጥፍ ነው፣ ከዛ በላይ አይከብድም። በአንድ ቴስላ ስፒኑ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይሾራል፣ ብዙ ይመስላል ግን ለኤሌክትሮን እንቅስቃሴ ዘገምተኛ ነው፣ ስለዚህ ስቴፑን አያስቸግርም።

ግን ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን እዩ፣ ማግኔቲክ ፊልዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ሁለቱ ስፒኖች አይቀላቀሉም። ያኔ ሽሮዲንገርን ሁለቴ ማስኬድ ነው፣ ፓውሊ አያስፈልግም። ፊልዱ ከቦታ ቦታ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም በጊዜ ሲዞር ነው ፓውሊ የግድ የሚሆነው። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት፣ ስፒን ኦርቢት (የስፒኑና የዙረቱ መተሳሰር) ተራው ፓውሊ ውስጥ የለም፣ ከፈለጋችሁት ተርሙን ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። መካከለኛ ክብደት ላላቸው አቶሞች ብዙ ጊዜ ይሄ ይበቃል፣ ሙሉ ዲራክ ድረስ መሄድ የለባችሁም።

ክላይን ጎርደን

ለኤሌክትሮን አትያዙት። ስፒን የለውም፣ የፕሮባብሊቲ ዴንሲቲ መሆን ያለበት ነገር ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል፣ የሃይድሮጅንን ረቂቅ መስመሮችም ልክ አያወጣም። ሽሮዲንገር ራሱ መጀመሪያ ይሄን መንገድ ሞክሮ ከሙከራ ውጤት ጋር አልገጥም ሲለው ነው የተወው። ስፒን አልባ ለሆነ እንደ ፓዮን ላለ ነገር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዲራክ፣ የ1928ቱ

አሁን ወደ ልጅቷ ኮድ። ዲራክ ስፒኑንም፣ ስፒን ኦርቢቱንም፣ ሬላቲቪቲውንም ሳትጨምሩለት ይዞ ይመጣል፣ ከኢኩዌሽኑ የሚወጡት የኔጋቲቭ ኢነርጂ መልሶችም በ1932 ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፖዚቲቭ አምሳያ) ሲገኝ ትርጉም አግኝተዋል። ውበቱን አልክድም፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን ለኮምፒውተር አራት ነገር ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ዲራክ ውስጥ ማሱ ራሱ ዌቭ ፈንክሽኑን ያወዛውዘዋል፣ በፖዚቲቭና በኔጋቲቭ ኢነርጂ መሃል ያለው ልዩነት 1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ አንዱ ውዝዋዜ 4 ዜፕቶሰከንድ (ሺህ ዜፕቶ አንድ አቶ፣ ሺህ አቶ አንድ ፌምቶሰከንድ ነው) ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ከሃይድሮጅን የራሱ ውዝዋዜ 75 ሺህ ጊዜ ይፈጥናል። ያንን በ20 ስቴፕ ለመከታተል እያንዳንዱ ስቴፕ 0.2 ዜፕቶሰከንድ መሆን አለበት። የልጅቷ ኤሌክትሮን ግድግዳው ደርሶ እስኪለያይ 35 ፌምቶሰከንድ ይፈጅበታል። ቁጠሩት፣ 175 ሚሊዮን ስቴፕ። በሽሮዲንገር 1.2 አቶሰከንድ ስቴፕ 29 ሺህ ብቻ።

የፈነዳባትም ለዚህ ነው። ነጥቦቿ በ0.02 ናኖሜትር ርቀት ላይ ናቸው፣ ስቴፑን ደግሞ ከሽሮዲንገር ኮድ ላይ እንዳለ ቀድታ 1.2 አቶሰከንድ አድርጋዋለች። በዛ ጊዜ ብርሃን 0.36 ናኖሜትር ይሄዳል፣ ማለትም በአንድ ስቴፕ 18 ነጥብ ይዘላል፣ ኮዷ ግን ከጎረቤት ነጥብ ወደ ጎረቤት ነጥብ ብቻ ነው የሚያየው። ተራው የዲራክ ዘዴ በአንድ ስቴፕ ብርሃን ከአንድ ነጥብ እንዳይዘል ይፈልጋል፣ ኤሌክትሮኑ ቀርፋፋ ቢሆንም ኢኩዌሽኑ ውስጥ ያለው የብርሃን ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው መንታ መፍጠሩ ነው። ዲራክ ውስጥ የቦታ ዲሪቬቲቭ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰድ በግራና በቀኝ ነጥብ ልዩነት ስትጽፉት ግሪዱ ላይ የመጨረሻዋ አጭር ሞገድ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የምትለዋ፣ ልዩነቷ ዜሮ ይሆናል፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ረጋ ያለ ኤሌክትሮን ናት ብሎ ያስባታል። በየአቅጣጫው ቁጥሩ እጥፍ እየሆነ የሌሉ ኤሌክትሮኖች ይጨመሩላችኋል። ኒልሰንና ኒኖሚያ በ1981 ይሄ የፕሮግራመር ስህተት ሳይሆን ግሪዱ ራሱ የሚያመጣው ነገር እንደሆነ አረጋግጠዋል። በኤፍኤፍቲ ከሰራችሁት አያስቸግርም፣ በነጥብ ልዩነት ከሆነ ግን ፊዚሲስቱ ዊልሰን የጨመረውን ተርም ወይም የተፈራረቀ ግሪድ ያስፈልጋችኋል።

ሶስተኛው መነሻችሁ ነው። የሽሮዲንገሩን የደወል ቅርጽ ያለው ፓኬት አንስታችሁ የመጀመሪያው ኮምፖነንት (የዲራክ ዌቭ ፈንክሽን በርካታ ክፍሎች አሉት) ላይ ብታስቀምጡት ውስጡ ኔጋቲቭ ኢነርጂ አለበት፣ ከፊሉ ወደኋላ ይሄዳል፣ የቀረውም ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ፖዚቲቩን ብቻ ማጣራት አለባችሁ። አራተኛው ለአቶም ነው፣ ቤዚስ (የተመረጡ ፈንክሽኖች ስብስብ) ላይ ስትሰሩ ዝቅተኛውን ኢነርጂ ፈልግ ካላችሁት ኔጋቲቩ ጉድጓድ ውስጥ ይዟችሁ ይገባል፣ ትልቁና ትንሹ ኮምፖነንት ተመጣጥነው ካልተመረጡ የሚወጣው ቁጥር አይታመንም።

ታዲያ መቼ ነው ዲራክ? ከባድ አቶም ውስጠኛ ኤሌክትሮን፣ እጅግ ኃይለኛ ሌዘር፣ ከ1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ ግድግዳ ላይ የሚታየው የ1929ኙ የክላይን ፓራዶክስ (ኤሌክትሮኑ ሊያግደው የሚገባውን ግድግዳ በቀላሉ ማለፉ)፣ እነዚህ ሌላ መንገድ የላቸውም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕስ? 200 ኪሎ ቮልት ስለሆነ ዲራክ ይመስላችኋል፣ ግን የዘርፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሽሮዲንገርን ነው የሚጠቀሙት፣ ማሱንና የሞገዱን ርዝመት ብቻ በሬላቲቪቲ አስተካክለው። ኤሌክትሮኑ ፈጣን ይሁን እንጂ ናሙናው ውስጥ ሲያልፍ የሚደርስበት ግፊት ከኢነርጂው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ስፒኑም ዝም ያለ ነው።

ግራፊን ደግሞ በተቃራኒው ነው። እዛ ኤሌክትሮኑ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ከብርሃን 300 ጊዜ ያነሰ፣ ሆኖም ኢኩዌሽኑ የዲራክ ቅርጽ አለው ያውም ማስ የሌለው። ማስ ስለሌለ ያ የዜፕቶሰከንድ ውዝዋዜ የለም፣ የስቴፑ ገደብም 300 እጥፍ ይላላል፣ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሄዳል። ሁለቱ ኮምፖነንቶች ግን ስፒን አይደሉም፣ የካርበኑ ሁለት ዓይነት ቦታዎች ናቸው። ዲራክን መማር ለሚፈልግ ሰው በዚህ ጀምር ነው የምለው።

ብዙ ኤሌክትሮን ከሆነ

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ኤሌክትሮን ነው። ሁለት ሲሆኑ ዌቭ ፈንክሽኑ በስድስት አቅጣጫ ይሆናል፣ በየአቅጣጫው 64 ነጥብ ብቻ ብታደርጉ እንኳ 1.1 ቴራባይት ራም። ሁለት ኤሌክትሮን! ሶስት ብትሉ የትኛውም ላፕቶፕ አይነካውም። በአንድ አቅጣጫ የታሰሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ግን 512 በ512 ግሪድ ላይ 4 ሜጋባይት ናቸው፣ ሁለቱ ሲገፋፉ ማየት የሚፈልግ ሰው ይሄን ይስራ፣ በጣም ያስተምራል።

ከዛ በላይ ሞለኪውልና ክሪስታል ከሆነ ዌቭ ፈንክሽኑን እርሱት፣ የኮንና ሻም የ1965 ዘዴ ነው፣ ማለትም ዴንሲቲ ፈንክሽናል። ዋናውን ዌቭ ፈንክሽን ትቶ ዴንሲቲውን ይከታተላል፣ በየኤሌክትሮኑ በሶስት አቅጣጫ ሽሮዲንገር የሚመስል ኢኩዌሽን ይፈታል፣ የመገፋፋቱን ረቂቅ ክፍል ግን በግምት ነው የሚያስገባው፣ እና ውጤታችሁ የዛን ግምት ያህል ነው የሚታመነው። ራሳችሁ አትጻፉት፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባል ሶፍትዌር በነጻ አለ። ወርቅም ሊድም ከሆነ ሬላቲቪቲው የገባበትን ሱዶፖቴንሻል (የውስጠኞቹን ኤሌክትሮኖች የሚተካ ፖቴንሻል) ምረጡ፣ ስፒን ኦርቢት ሲያስፈልግ ደግሞ ሙሉ ሬላቲቪስቲኩን።

ኮዱ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ

መልሱን በምታውቁት ነገር ጀምሩ። በአቶሚክ ዩኒት ስፋቱ (የፕሮባብሊቲው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 1 የሆነ የደወል ፓኬት ባዶ ቦታ ላይ ልቀቁት፣ ጊዜው 2 ሲሆን ስፋቱ 1.414 መሆን አለበት። ካልሆነ ወደ ግድግዳው አትሂዱ። ከዛ ስቴፑን በግማሽ ቀንሳችሁ ድገሙት፣ መልሱ ከተነቃነቀ ገና ናችሁ።

ልጅቷ ዲራኩን አስቀምጣ ሽሮዲንገርን በስፕሊት ኦፕሬተር እዛው ሻይ ቤት ጻፈችው፣ 4096 ነጥብ፣ 5 ናኖሜትር ስፋት ያለው ፓኬት፣ ግድግዳው ግማሽ ናኖሜትር። ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰ፣ ድምሩ 1 እንዳለ ነው፣ ያለፈው 0.015 ገደማ፣ በወረቀት የሚወጣውም 0.0152 ነው። «ጣርማበርን ያለ ዋሻ አለፈው» አለች። ግድግዳውን አንድ ናኖሜትር አድርጊው አልኳት፣ ሲጨርስ ያለፈው ከ10 ሺህ አንድ ገደማ ብቻ ሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ዝም ብላ ቁጥሩን እያየች ሻይዋ ቀዘቀዘ።